ያልተጻፈ እንዳልተሠራ ይቆጠራል



አሜሪካ ዘመድ ያለው ቤተሰብ በስልክ ደጋግሞ ከሚሰማቸው ወሬዎች አንዱ የሥራ ወሬ ነው። ቀደም ሲል ወሬው ስለ ታክሲና ስለ መኪና ማቆሚያ ነበር። ቀጥሎ ስለ ነርስነት ሆነ። ዛሬ ዛሬ ደግሞ «የሕክምና ኮዲንግ ተማሪ፤ ከዚያ ኦዲተር ትሆኛለሽ፤ ከቤትሽ ሳትወጪ፣ ልጆችሽን እያሳደግሽ ትሠሪያለሽ» የሚል ምክር ተጨምሯል። ምክሩን የሰሙ እህቶችና ወንድሞች «እውነት ነው? ገንዘባችንንና ጊዜያችንን ብናወጣበት ያዋጣናል?» ብለው ይጠይቃሉ።

የእኛ መልስ «አዎን፣ ነገር ግን…» የሚል ነው። ሙያው እውነተኛ ሙያ ነው። ሆኖም ብዙውን ጊዜ የሚወራው ስለ ፍሬው እንጂ ስለ ሥሩ አይደለም። ስለዚህ በዚህ ወር ዓምዳችን ሥሩን እንመለከታለን። ሥራው ምንድን ነው? ትምህርቱ ከየት ይጀምራል? ከሠራተኛውስ ምን ዓይነት ጠባይ ይፈልጋል?

ከካርድ ክፍል እስከ ኮድ

አገራችን ሐኪም ቤት የሄደ ሰው ሁሉ ካርድ ክፍልን ያውቃል። በመስኮቱ ስም ይነገራል፣ ቁጥር ይሰጣል፣ ካርዱ ተፈልጎ ይወጣል። ካርዱ ከጠፋ የታካሚው ታሪክ አብሮ ይጠፋል፤ ሐኪሙም እንደ አዲስ ይጀምራል። በአሜሪካም መዝገቡ ያው መዝገብ ነው፤ ዛሬ በአመዛኙ በኮምፒዩተር ውስጥ መቀመጡ ብቻ ይለየዋል። ትልቁ ልዩነት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሐኪሙ የጻፈው ወደ ኮድ ይለወጣል፤ ኢንሹራንሱም የሚከፍለው ኮዱን አይቶ ነው።

ኮዶቹ በዋነኛነት ሁለት ጥያቄዎችን ይመልሳሉ። የመጀመሪያው «ታካሚው ምን አገኘው?» የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው «ምን ተደረገለት?» የሚለው ነው። ለመጀመሪያው ጥያቄ የሚያገለግለው የበሽታዎች ዓለም አቀፍ ምደባ ነው። የዚህ ምደባ መነሻ ፈረንሳዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ዣክ በርቲዮን እ.ኤ.አ. በ1893 ያቀረበው የሞት ምክንያቶች ዝርዝር ነው። መጀመሪያ የታሰበው ሙታንን በየምክንያታቸው ለመቁጠር ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1948 ወዲህ ግን የዓለም ጤና ድርጅት ይዞት ለሕያዋንም በሽታ እንዲሆን ተደርጎ ሰፍቷል። አሜሪካ ለራሷ ያሰናዳችው ቅጂ «አይሲዲ-10-ሲኤም» ይባላል። ከጥቅምት 1 ቀን 2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራበታል፤ ከ70,000 በላይ ኮዶችም አሉት። ለሁለተኛው ጥያቄ፣ ማለትም ለሐኪሞች አገልግሎት፣ የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1966 ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጣው «ሲፒቲ» የሚባለው መጽሐፍ ያገለግላል።

እንግዲህ መዝገቡን አንብቦ ኮድ የሚሰጠው ሰው ኮደር ይባላል። ኦዲተሩ ደግሞ ከእርሱ በኋላ የሚመጣ ነው። መዝገቡን እንደገና ከፍቶ «ይህ ኮድ በየትኛው መስመር ላይ ቆመ?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱን በመዝገቡ ውስጥ ካላገኘ ኮዱ ይወድቃል። በሙያው ውስጥ እንደ ምሳሌያዊ አነጋገር የሚጠቀስ አባባል አለ፤ «ያልተጻፈ እንዳልተሠራ ይቆጠራል» ይላሉ።

አንድ ምሳሌ እንከተል

ነገሩን በምሳሌ ካላየነው አይጨበጥም። እንበል አንዲት የ68 ዓመት እናት፣ በአሜሪካ የሚኖሩ፣ ለስኳር ክትትል ሐኪማቸው ዘንድ ሄዱ። ሐኪሙ «ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ» ብሎ ጻፈ። ከመዝገቡ ጋር የተያያዘው የላቦራቶሪ ውጤት ግን ኩላሊታቸው ደምን የሚያጣራበት መጠን ዝቅ ማለቱን ያሳያል። ኮደሩ ይህንን አይቶ «ስኳሩ ኩላሊታቸውን ጎድቶታል» ሲል ደመደመና «ኢ11.22» የሚለውን ኮድ ሰጠ። ይህ ኮድ ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም ያስከተለ ስኳር ማለት ነው። ተጓዳኝ ችግር የሌለው ስኳር ግን «ኢ11.9» ነው።

ኦዲተሩ ምን ይላል? ሐኪሙ ስለ ኩላሊት ሕመም አንድም ቃል ካልጻፈ ኮዱ መሠረት የለውም። ኮደሩ ምናልባት እውነቱን ገምቶ ይሆናል። ነገር ግን የላቦራቶሪ ወረቀት ሐኪም አይደለም፤ ኮደርም ሐኪም አይደለም። ያ ቁጥር የሰውነት ውኃ በማነሱ ለጊዜው ወርዶ ሊሆን ይችላል። ሥር የሰደደ ለመባል ችግሩ ቢያንስ ሦስት ወር መቆየት አለበት። ያንን የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

አሁን ነገሩን እንገልብጠው። ሐኪሙ «የስኳር በሽታ» ብሎ ጻፈ፤ ዝቅ ብሎ ደግሞ «ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም» ብሎ ጻፈ። አንዱ ሌላውን አመጣ አላለም። ጥንቁቅ ነኝ ያለ ኮደር ሁለቱን ለየብቻ ይመዘግባል። ይህም ስሕተት ነው! የአሜሪካው የኮድ አሰጣጥ መመሪያ ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሲገኙ፣ ሐኪሙ «ግንኙነት የላቸውም» ካላለ በስተቀር እንደተያያዙ እንዲቆጠሩ ያዝዛል። ስለዚህ የኦዲተር ሥራ ለጋስነትም ንፉግነትም አይደለም። መዝገቡንና መመሪያውን ጎን ለጎን ይዞ ሁለቱ የሚሉትን ብቻ መናገር ነው።

ሌላም እናንሳ። ሐኪሙ «የሳንባ ምች ሳይሆን አይቀርም» ብሎ ቢጽፍስ? ታካሚው በተመላላሽ ከታየ ጥርጣሬው እንደ በሽታ አይመዘገብም፤ የሚመዘገበው ሳሉ ወይም ትኩሳቱ ነው። ሆስፒታል ተኝቶ ሲወጣ በመጨረሻው ማጠቃለያ ላይ እንዲህ ከተጻፈ ግን እንደተረጋገጠ ተቆጥሮ ኮድ ይሰጠዋል። ቃሉ አንድ ነው፤ ቦታው ሲለወጥ ሕጉ ተለወጠ። ይህን መሰሉን ልዩነት በሦስት ሳምንት ሥልጠና እጨብጣለሁ ማለት ራስን ማታለል ነው።

ጉዳዩ የወረቀት ብቻ እንዳልሆነም እንይ። ነባር ታካሚን በቢሮ ለማየት ከሚሰጡት ኮዶች ውስጥ 99213 እና 99214 ይገኙበታል። በጊዜ ከተለኩ የመጀመሪያው ሐኪሙ በዚያ ቀን ቢያንስ 20 ደቂቃ፣ ሁለተኛው ቢያንስ 30 ደቂቃ ማዋሉን ይጠይቃሉ። ከጊዜ ይልቅ በውሳኔው ክብደትም ሊለኩ ይችላሉ። ሐኪሙ 22 ደቂቃ ጽፎ፣ ውሳኔውም ቀላል ሆኖ ሳለ 99214 ከተጠየቀ፣ ያልተሠራ ሥራ ተሸጠ ማለት ነው። ሜዲኬር በሚባለው የመንግሥት የጤና መድን የታቀፉ አረጋውያን ደግሞ ዓመታዊ ድርሻቸውን ከከፈሉ በኋላ በአብዛኛው የሐኪም ሒሳብ 20 በመቶውን ራሳቸው ይሸፍናሉ። ስለዚህ ከዚያ ጭማሪ ውስጥ ከእኒያ እናት ቦርሳ የሚወጣ አለ ማለት ነው። «የመንግሥት ገንዘብ ነው፣ ማንን ይጎዳል?» የሚሉ ሰዎች ይህንን ቢያስቡት መልካም ነው።

አጠያየቅን መማር

መዝገቡ ግልጽ ባልሆነ ጊዜ ምን ይደረጋል? ሐኪሙ በጽሑፍ ይጠየቃል። ይህ የጥያቄ አጻጻፍ ከትምህርቱ ክፍሎች ሁሉ የረቀቀው ይመስለናል። «ታካሚዋ የኩላሊት ሕመም አለባቸው አይደል? እባክዎ ይጻፉልን» ብሎ መጠየቅ ፈጽሞ አይፈቀድም፤ ይህ ምስክርን ቃል ማጉረስ ነው። ጥያቄው ክፍያ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል ብሎ መጥቀስም አይገባም። ትክክለኛው አካሄድ በመዝገቡ ያሉትን ማስረጃዎች ከነቀናቸው መዘርዘር፣ ከሕክምና አንጻር ሊሆኑ የሚችሉትን አማራጮች ማቅረብ፣ ከዚያም «ሌላ» እና «መወሰን አይቻልም» የሚሉትን መጨመር ነው። ሐኪሙ በነጻ ኅሊናው ይመልሳል። ኦዲተሩ ሌሎች ያቀረቧቸውን ጥያቄዎች በሚመረምርበት ጊዜም ይህንኑ ይፈትሻል።

የመጨረሻው ሪፖርትም የራሱ ሥነ ሥርዓት አለው። «ዶክተሩ ያጭበረብራል» ተብሎ አይጻፍም። «በዚህ ቀን ይህ ኮድ ተጠየቀ፤ መዝገቡ ይህንን ይላል፤ መመሪያው ይህንን ይጠይቃል፤ ስለዚህ ኮዱ ይህ መሆን ነበረበት» ተብሎ ይጻፋል። ኮዱ ከሥራው በታች ሆኖ ሐኪሙ የሚገባውን ክፍያ ያጣበት ቦታ ካለም በዚያው ወረቀት ይነገረዋል። አንድ ወገን ብቻ የሚያይ ኦዲተር ሚዛኑ የተዛባ ነው።

ትምህርቱ ከየት ይጀምራል?

ማንም ሰው ኦዲት በማድረግ አይጀምርም። ጀማሪው በቅድሚያ የሰውነት ክፍሎችንና የሕክምና ቃላትን ይማራል። ቃላቱ ሲታዩ ያስፈራሉ፤ ሲበተኑ ግን ይቀላሉ። «አይቲስ» በሚል የሚያልቅ ቃል መቆጣትን ያመለክታል፤ «ሄፓ» ጉበት ነው፣ «ኔፍሮ» ኩላሊት ነው። ስለዚህ «ሄፓታይቲስ» የጉበት መቆጣት፣ «ኔፍራይቲስ» የኩላሊት መቆጣት መሆኑን ሳይነግሩን እናውቃለን። እንግሊዝኛን አንብቦ መረዳት ግን ግዴታ ነው። የሐኪሞች ማስታወሻ በአሕጽሮት የተሞላ ነውና በሚገባ ያልተለማመደ ሰው ይደናገራል።

ቀጥሎ የኮድ መጻሕፍቱ ይመጣሉ። የበሽታው ኮድ በየዓመቱ ጥቅምት 1፣ ሲፒቲ ደግሞ ጥር 1 በእነርሱ አቆጣጠር ይታደሳሉ። የተማረ ሰው ተምሮ አይጨርስም ማለት ነው። በስፋት ከሚታወቁት ፈተናዎች አንዱ «ሲፒሲ» የሚባለው ነው። በአራት ሰዓት ውስጥ 100 ጥያቄ ይሠራል፤ ለማለፍ 70 በመቶ ያስፈልጋል፤ የኮድ መጻሕፍቱን ይዞ መግባት ይፈቀዳል። መጽሐፍ መፈቀዱ ግን አያዘናጋ፤ መልሱ የት እንዳለ የማያውቅ ሰው ሲገልጥ ሰዓቱ ያልቅበታል።

ፈተናውን ያለፈ፣ ግን የሥራ ልምድ የሌለው ሰው ከስሙ ጎን የተለማማጅነት ምልክት ይጨመርለታል። ምልክቱ የሚነሣው ልምዱን ሲያሟላ ነው። ብዙዎች የሚንገላቱት እዚህ ላይ ነው፤ ቀጣሪው ልምድ ይጠይቃል፣ ልምዱ ደግሞ ያለ ቀጣሪ አይገኝም። ለዚህ የሚረዳው በክሊኒክ እንግዳ መቀበያ፣ በመዝገብ ክፍል ወይም በሒሳብ ክፍል ዝቅ ብሎ መግባት ነው። የኦዲተርነቱ ፈተና «ሲፒኤምኤ» የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ፈተናውን የሚሰጠው ማኅበር ራሱ የሁለት ዓመት ልምድ ይመክራል። በኮሌጅ መንገድ መሄድ የሚሻ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1928 የተቋቋመው የጤና መረጃ ባለሙያዎች ማኅበር የሚሰጣቸው ፈተናዎች አሉለት። ከእነርሱ አንዱ የሁለት ዓመት፣ ሌላው የአራት ዓመት የኮሌጅ ትምህርት ይጠይቃል።

ስለ ደመወዝ የሚወራውም መመዘን አለበት። የአሜሪካ መንግሥት የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ባወጣው መሠረት የሕክምና መዝገብ ባለሙያዎች መካከለኛ ዓመታዊ ደመወዝ በግንቦት 2023 እ.ኤ.አ. 48,780 ዶላር ነበር። ግማሹ ከዚህ በታች፣ ግማሹ ከዚህ በላይ ያገኛል ማለት ነው። ቤተሰብን የሚደግፍ ገቢ ነው፤ በአንድ ጀምበር የሚያበለጽግ ግን አይደለም። በዚህ ላይ ዛሬ ኮምፒዩተሮች መዝገቡን አንብበው ኮድ ማቅረብ ጀምረዋል። ይህ የጀማሪውን ሥራ ሊያጠብበው ይችላል፤ ማሽኑ ያቀረበውን ከመዝገቡ ጋር የሚያመሳክር፣ አስተውሎ የሚያነብ ሰው ግን ያስፈልጋል። ስለዚህ የሚማር ሰው ኮድ መሸምደድን ሳይሆን ማንበብን ይማር እንላለን።

ፈተናው በቢሮው ውስጥ ሲመጣ

ከወረቀቱ ፈተና የሚከብድ ሌላ ፈተና አለ። አለቃው «ሐኪሙ ይህንን ማለቱ ነበር፤ አንቺ ዝም ብለሽ አሳልፊው» ቢልስ? በአሜሪካ ሐሰተኛ የክፍያ ጥያቄን የሚቀጣው ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1863፣ በእርስ በርስ ጦርነታቸው ወቅት፣ ለሠራዊቱ ዕቃ እያቀረቡ የሚያጭበረብሩ ነጋዴዎችን ለመያዝ ነበር። ዛሬም መንግሥት የደረሰበትን ጉዳት ሦስት እጥፍ ያስከፍላል፤ በእያንዳንዱ ጥያቄም ተጨማሪ ቅጣት አለ። ዓይኑን ጨፍኖ «አላወቅሁም» ያለ ሰውም ከተጠያቂነት አይድንም። በሌላ በኩል ጥፋቱን ያጋለጠ ሠራተኛ በአሠሪው እንዳይበቀልበት ይኸው ሕግ ይከላከልለታል። ስለዚህ ጫና የገጠመው ሰው የሥራ መሪውን ቃል በጽሑፍ እንዲሰጠው ይጠይቅ፤ የመሥሪያ ቤቱን የሕግ ተከባሪነት ክፍልም ያማክር።

አማና ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን በአደራ የተቀመጠ ገንዘብ ነው። በዚህ ሥራ ግን አደራው ቃል ነው። ሐኪሙ የጻፈውን አለመጨመርና አለመቀነስ።

የጎረቤት ምስጢር

ከቤት ሆኖ መሥራት እንደሚቻል እውነት ነው። ነገር ግን የሚሠራው ምንድን ነው? የሰው ምስጢር ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው «ሂፓ» የሚባለው ሕግና ከእርሱ በኋላ የተደነገጉት ደንቦች ሠራተኛው ለሥራው ከሚያስፈልገው በላይ እንዳያይ፣ ያየውንም እንዳያወጣ ያስገድዳሉ። የእኛ ሰው በውጭ አገር ተቀራርቦ ይኖራል፤ በአንድ መስጊድ ይሰግዳል፤ በሠርግና በሐዘን ይገናኛል። እንግዲህ አንዲት እህት የምታውቃት ሴት መዝገብ ከፊቷ ቢመጣ ምን ታደርጋለች? መልሱ አጭር ነው። ለአለቃዋ ነግራ መዝገቡ ለሌላ ሰው እንዲሰጥ ታደርጋለች። ለባሏም ለእናቷም አትናገርም። የማወቅ ጉጉት አሸንፏት ያልተመደበላትን መዝገብ ብትከፍት ደግሞ ኮምፒዩተሩ ማን፣ መቼ እንደከፈተ ይመዘግባል።

ስለዚህ ሳሎን ውስጥ፣ እንግዳ እየገባና እየወጣ፣ ልጅ በጉልበት ላይ ተቀምጦ ይህ ሥራ አይሠራም። የሚዘጋ በር ይፈልጋል፤ ከመስኮትና ከሰው ዓይን የተመለሰ ኮምፒዩተር ይፈልጋል፤ «አሁን ሥራ ላይ ነች» ብሎ ልጆቹን የሚይዝ ባል ወይም አያት ይፈልጋል። «ልጆችሽን እያሳደግሽ» የሚለው ምክር ይህንን ሳይናገር ያልፈዋል። ስለሆነም ውሳኔው የእርሷ ብቻ ሳይሆን የቤተሰቡ ውሳኔ ነው።

በአገራችንስ?

የአሜሪካውን የምስክር ወረቀት የያዘ ሰው አዲስ አበባ ላይ በዚያው ሥራ ይቀጠራል ማለታችን አይደለም፤ የክፍያው ሥርዓት ልዩ ነው። የሙያው መንፈስ ግን ለእኛም እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ዛሬ እጅግ ሰፍቷል። አባወራው መዋጮ ይከፍላል፤ ጤና ተቋሙም ለአባላት የሰጠውን አገልግሎት መዝግቦ ክፍያ ይጠይቃል። መዝገብ በተዛባበት ቦታ የገበሬው መዋጮ ባልተሰጠ መድኃኒት ሊወጣ ይችላል፤ ወይም ጤና ጣቢያው በትክክል ለሠራው ሥራ ክፍያ ሊያጣ ይችላል። በካርድ ክፍል ተቀምጠው የሚሠሩ ወንድሞችና እህቶች ሥራቸውን ዝቅ አድርገው እንዳያዩት አደራ እንላለን።

ከመክፈላችሁ በፊት

ለማጠቃለል፣ ይህንን ትምህርት ለመጀመር ያሰበ ሰው ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት አሠልጣኙን አራት ነገር ይጠይቅ። የምታስተምሩን ለየትኛው ፈተና ነው? ለመለማመጃ ሙሉ የሕክምና መዝገብ ታስነብቡናላችሁ ወይስ ጥያቄና መልስ ብቻ? የዘንድሮው የኮድ መጽሐፍ በዋጋው ውስጥ አለ? ከእናንተ ተምረው ሥራ የያዙ ሰዎችን ማነጋገር እንችላለን? «በሦስት ወር ኦዲተር እናደርጋችኋለን» የሚል ካለ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።

ራሱንም አንድ ነገር ይጠይቅ። ረጅም ጽሑፍ በትዕግሥት አነባለሁን? የሌለውን የለም፣ ያለውን አለ ማለት ይሆንልኛልን? ይህ የሚሆንለት ሰው መንገዱ ቢረዝምም ይደርሳል።

በሚቀጥለው ወር በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ።

ወሰላሙ ዐለይኩም።